ይመኙሻል ኢስታንቡልን የተማረችበት ሰሞን

እንግዲህ ልጆቼ፣ ኢስታንቡል ስለሚባለው ከተማ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ይመኙሻል ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እኔ ራሴ ከደብረ ብርሃን አልፌ አዲስ አበባን የረገጥሁት ለዓይኔ ሕክምና ብቻ ነው። ነገር ግን ዛሬ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ ልሂድ ቢለኝ፣ የትኛው ቤት ጫማ እንደሚወለቅ፣ ውሃው ከየት እንደሚጠጣ፣ ሲዘንብ መንገዱ የት ላይ እንደሚያዳልጥ አንድ ባንድ ልነግረው እችላለሁ። ይህን ትምህርት በምን ሰሞን እንደሰማሁት ላጫውታችሁ። ደስ የሚል ጨዋታ አይደለም፤ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ይመኙሻል ጎረቤቴ ናት። ከሞላሌ ከፍ ብሎ ባለው ቀያችን የእሷን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የገብስ ማሳ ነው። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት አንዲት ልጅ ብቻ ቀረቻት፤ ኮከብ። ኮከብ አደገች፣ መሐል ሜዳ ጥቂት ተማረች፣ ከዚያ እንደ እኩዮቿ ሥራ ፍለጋ ወጣችና ዞራ ዞራ ቱርክ አገር ኢስታንቡል ገባች። እዚያ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ይመኙሻል ከቅዳሴ ስትወጣ ቀጥ ብላ ሽቅብ ወደ ጉብታው ናት። ስትወርድ ፊቷን አይተን ልጅቷ ደኅና መሆኗን እናውቃለን፤ መጠየቅም አያስፈልገን።

ኢሕአዴግ ከገባ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። በዚያ ዓመት ኮከብ እናቷን ማየት ፈለገች። አሮጊቷን ጥላ መምጣት ስላልሆነላት እናቷን ወደዚያ ጠራቻት። የአሮጊቷ ልጅ ጥሪውን ፈርሞ ላከ። መሐል ሜዳ የሚኖረው የይመኙሻል የእህት ልጅ፣ በኃይሉ፣ አክስቱን ይዞ አዲስ አበባ ተመላልሶ ፓስፖርቱንም ቪዛውንም አስጨረሰ። ትኬቱም ተቆረጠ። ገናን እናትና ልጅ አብረው ሊውሉ ነው። ኮከብ በስልክ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ብላት ኖሮ፣ ይመኙሻል የጥቁር በግ ጠጉር ፈትላ ባና አሠራችላት። የእኛ አገር ባና እንደምታውቁት ውርጭ አያስገባም። "ይህን ስትለብስ እንደገና ትወፍርልኛለች" ትል ነበር፤ ባናውን በጉልበቷ ላይ እያጠፈች፣ መልሳ እየዘረጋች።

ጌታነሽ የሚሏት የአቶ ተገኘ ልጅ ደግሞ ደብረ ብርሃን ልብስ ትነግዳለች። ሸቀጡን የምታመጣው ከኢስታንቡል ስለነበር ያንን ከተማ እንደ ሞላሌ ገበያ ታውቀዋለች፤ ከኮከብም ጋር እዚያው እየተገናኙ ይጠያየቁ ነበር። አባቷን ልታስታምም መጥታ ሳለ ይመኙሻል አላስቀምጥ አለቻት፤ አስተምሪኝ ነው። እና ከሰዓት ከሰዓት አጨዳው ሲቀዘቅዝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመኙሻል ቤት ይሰበሰብና ትምህርቱ ይጀመራል።

በመጀመሪያው ቀን የሳቅነው ሳቅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ጌታነሽ ፓስፖርቱን ከሰውነትዎ አይለዩት፣ መቀነትዎ ውስጥ ያድርጉት አለቻት።

"እና በጠየቁኝ ቁጥር ሰው ፊት መቀነቴን ልፈታ ነው?" አለች ይመኙሻል። "ቱርኮቹስ ምን ይሉኛል?"

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ጌታነሽም ስቃ ስታበቃ በአንገት የሚንጠለጠል ከረጢት እዚያው ሰፋችላት። ይመኙሻል ከረጢቷን ከማተቧ ጋር አጠለቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳም ስትወርድ፣ እንስራ ስታነሣም አትለየውም።

በማግሥቱ በኃይሉ ከመሐል ሜዳ መጣ። ወደ አክስቱ ቤት አላቀናም፤ በማሳው ጀርባ ዞሮ እኔ ዘንድ ገባ።  ኢስታንቡል ከኮከብ ጋር ያሉት የአገር ልጆች ደውለውለት ነው። ኮከብ በዕረፍት ቀኗ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ አደረች። የጓደኛይቱ ክፍል ምድር ቤት ናት፤ ብርድ ስለጸናባቸው ከሰል አንድደው በሩን ዘግተው ተኙ። ጓደኛይቱን ሐኪም ቤት አደረሷትና ተረፈች። ኮከብ አልተነሣችም።

ልጆቼ፣ በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ከተማ ያደጋችሁት ላታውቁት ትችላላችሁ። ሐዘንተኛውን ብቻውን ሳለ አግኝተህ አትነግረውም፤ በመሸም አትነግረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ እህል ወደ አፉ ሳይል ይነገረዋል፤ ያኔ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አለ። አስከሬን ከሩቅ አገር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መርዶው የሚነገረው አስከሬኑ በሚገባበት ቀን ነው፤ ሐዘንተኛው ከዚያ በፊት መንገድ መንገድ እያየ እንዳይንገበገብ። እስከዚያው ማንም ጥቁር አይለብስም፣ ማንም እንባ አያሳይም።

መምሬ መርስዔ ኃዘን የይመኙሻል የነፍስ አባት ናቸው። በኃይሉና እኔ ሄደን ስንነግራቸው አማተቡ። ኋላ ሥርዓቱን ደነገጉልን። ወንድሟ ዳኜ ከጊሼ ይጠራ፤ አስከሬኑን እዚያ ያሉት ልጆች አዋጥተው እየላኩት ስለሆነ እስኪደርስ ይጠበቅ፤ ይመኙሻል ሞላሌ ገበያ እንዳትወርድ፣ አፉን የማይገታ ሰው አይታጣምና። ከቤት የሚያውላት ነገር ያስፈልጋል። ያም ነገር ያው የጌታነሽ ትምህርት ሆነ።

ጌታነሽ ተቆጣች። ከዚህ ይልቅ እኔኑ ቅበሩኝ አለች። ኮከብን ከሁላችን ይልቅ የምታውቃት እሷ ነበረች። መምሬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሯት። ትምህርቱ ድንገት ቢቋረጥ እናቲቱ ትጠረጥራለች፤ ስትጠረጥር ብቻዋን ናት፤ ብቻዋን የሰማች እንደሆነ ማን ይይዛታል? ጌታነሽ እንባዋን ጠርጋ ሄደች። በዚያው ቀን ከሰዓት ይመኙሻል ቤት ተቀምጣ አገኘኋት።

እና የኢስታንቡልን ነገር እንዲህ ሆነን ሰማን። ከሚሰሙት መካከል ይመኙሻል ብቻ ናት ሰውነቷን ሁሉ ጆሮ አድርጋ የምትሰማው፤ የቀረነው መሬት መሬት እያየን።

ጌታነሽ ነገረቻት። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ለመንዝ እግር ችግር የለውም፤ ነገር ግን መንገዱ የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ ሲዘንብ ያዳልጣልና ሶሉ የሚቆነጥጥ ሸራ ጫማ ይግዙ። የቧንቧውን ውሃ አይጠጡ፤ የታሸገ በየሱቁ አለ። በአስፋልቱ መሐል በሐዲድ የሚሄድ ባቡር አለ፤ የመሳፈሪያውን ካርድ በሩ ላይ ካለው ማሽን ያስነኩታል፣ ጢጥ ሲል ያልፋሉ፣ ጢጥ ሳይል አይለፉ። ለጾም አይጨነቁ፤ የምስር ሾርባ አለ፣ ወይራ ፍሬ አለ፣ ዳቦ ሞልቷል። ባለ ሱቅ ሻይ ቢያቀርብልዎ ጠጥተው ይውጡ፤ ሻይ ስለጠጡ መግዛት ግዴታዎ አይደለም።

ይመኙሻል ሁሉንም እየደገመች ትይዛለች። አንዳንዱን ግን አልቀበልም ትላለች። ጌታነሽ ስለ ሊስትሮ ነገረቻት። እዚያ ያለ ሊስትሮ አጠገብዎ ሲያልፍ ብሩሹን እንዳላየ ጥሎት ይሄዳል፤ አንሥተው ሲሰጡት ምስጋናውን አብዝቶ ጫማዎን ልጥረግ ይልና ኋላ ሒሳብ ብሎ ይይዝዎታል፤ ስለዚህ ብሩሹ ሲወድቅ አላየሁም ብለው ይለፉ አለቻት።

"ድኻ የእንጀራ መብያው ወድቆበት፣ አይቼ እንዳላየሁ?"

"ብልሃቱ ነው እኮ፣ እትዬ፤ ሆን ብሎ ነው የሚጥለው።"

"ይሁን። እሱ ይጣል፤ እኔ አነሣለሁ። ኮከብም ሳታነሣ የምታልፍ አይመስለኝም።"

ጌታነሽ ፈጥና ወደ ሌላ ምክር አለፈች። 

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ቤተ ጸሎቱ ነገረቻት። መስጊድ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ ነጠላዎ ይበቃል አለቻት። አያ ሶፊያ የሚሉት ግን ጥንት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ኋላ መስጊድ ሆነ፣ አሁን የመንግሥት ቤተ መዘክር ነው፤ እዚያ በጫማ ነው የሚገባው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከጣራው ሥር ተሥላ ትታያለች አለቻት።

"እመቤታችን ባለችበት በጫማ?" ይመኙሻል ደነገጠች።

"ሁሉም እንዲያ ነው የሚገባው።"

"ሁሉም ይግባ። እኔ አውልቄ በብብቴ እይዘዋለሁ። ዘበኛው ቢጠይቀኝ፣ እግሬን አሞኛል ማለት በቱርክኛ ምንድን ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መርዶውን ከሰማን ወዲህ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጌታነሽም ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ አባቷን ልታይ እንደሆነ ተናግራ ወጣች። እኔ ተከትያት ብወጣ ከበጎቹ ጋጣ ጀርባ ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ ቆምሁ። 

እሑድ ስትመጣ ይመኙሻል እንደ ልማዷ ጉብታው ላይ ወጣች። ስልኩ አልጮኸም። በኃይሉ የኮከብ ስልክ ተበላሽቶ ነው፣ ከእኔ ጋር በሰው ስልክ ተነጋግረናል፣ አንቺን ለመቀበል እየተሰናዳች ነው አላት። ይመኙሻል አመነችው፤ ለምን አታምነውም? ቢሆንም ነፋሱ እየገረፋት እስከ እኩለ ቀን እዚያው ቁጭ አለች። እኔ ልጠራት ስወጣ ዞር ብላ ሳቀችብኝ። "ምናልባት የተበላሸው ቢሠራላት ብዬ ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ እኔማ ልሄድላት ነው። ምን አስቸኮለኝ?" አለች።

የመጨረሻው ትምህርት ስለ ጀልባው ነበር። ከተማውን ባሕር ከመሐሉ ከፍሎታል፤ ኮከብ የምትሠራበት ቤት ማዶ ነው። ወደብ ላይ ያንኑ ካርድ አስነክተው ይገባሉ፣ ጀልባው ፎቅ አለው፣ እርስዎ ታች ከመስኮቱ ይቀመጡ እያለች ጌታነሽ ቀጠለች። "ከኋላ ነጫጭ ወፎች ይከተላሉ። ቁራሽ ዳቦ ከያዙ፣ እጅዎን ዘርጋ ሲያደርጉ..."

"ኮከብ ነግራኛለች!" አለች ይመኙሻል። "ከእጇ እየነጠቁ እንደሚበሉ ነግራኛለች። ሁልጊዜ ዳቦ አታጣም አይደል?"

"አታጣም።" ጌታነሽ ይህን ብላ ቆመች።  አባቴ መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት ነው ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ከዚያ ተነሥታ ሄደች። በማግሥቱ አባቷ ባሰበት አሰኘች፣ በሠልስቱም አልመጣች። ይመኙሻል ግን አልተቀየመቻትም። ጀልባው ላይ ቆሜ ቀረሁ እያለች ለመጣ ሁሉ ታወራለች።

አስከሬኑ አዲስ አበባ መግባቱ ተሰማ። ዳኜ ከጊሼ መጥቶ ሰው ሳያየው እኔ ቤት አደረ። ዘመዱም በየጎረቤቱ ተከፋፍሎ አደረ። ሁሉን አሰናድተን፣ ሁሉን አስበን ነበር። አንድ ነገር ግን ከመካከላችን ማንም አላሰበም። መርዶው የሚነገርበት ቀን ይመኙሻል ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈርበት ቀን ነው።

ጎህ ሲቀድ መምሬ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን በማሳው አለፍን። ምድሩ ውርጭ ለብሷል። የገብሱ ቃርሚያ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ በር እናንኳኳለን፣ እንገባለን፣ በግራና በቀኝ ሴቶች ይይዟታል፣ መምሬ ይናገራሉ። በሩ ጋ ሳንደርስ በሩ ራሱ ተከፈተ።

ይመኙሻል ወጣች። አዲሱን ሸራ ጫማ አድርጋለች። ነጠላዋ ታጥቦ ነጭቷል። ከረጢቱ ከአንገቷ፣ ባናው በክንዷ ነው። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ባለችበት ቆመች፤ ፊቷ በራ።

"ይህ ሁሉ ሰው እኔን ሊሸኝ? ዳኜ! አንተም ከጊሼ ድረስ?"

ሮጣ ወንድሟን ሳመችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንድ ባንድ፣ በሁለት ጉንጭ፣ አንድም ሰው ሳትዘልል። ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። ስማኝ ስታልፍ ጉንጬ ላይ እርጥበት ነክቷት ኖሮ "ተው እንጂ ጋሼ፣ ከገና በኋላ እመለስ የለም ወይ?" አለችኝ። መጨረሻ መምሬ ዘንድ ደረሰችና መስቀላቸውን ልትሳለም ጎንበስ አለች።

"አባቴ፣ ለመንገዴ ይባርኩኝ።"

መምሬ መስቀሉን ከራሷ ላይ አኖሩት፤ አላነሡትም።

"መንገዱ ቀርቷል፣ ልጄ" አሉ። "ኮከብ ራሷ እየመጣች ነው።"

ቀና አለች። ለአንድ አፍታ፣ ልጆቼ፣ ደስ አላት። ዓይኔ አይቶታል። "ትመጣለች? ሳትነግረኝ?" አለች። ከዚያ መምሬን አየች፤ ዞራ ዳኜን አየች። ዳኜ ጋቢውን ከትከሻው ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር። ሴቶቹ ሊይዟት ተንደረደሩ፤ ከመሬት ቀድመው አላገኟትም።

አስከሬኑን የያዘችው መኪና ከሞላሌ በኩል ሽቅብ ስትመጣ እኩለ ቀን ነበር። ስለ ቀብሩ ብዙ አልነግራችሁም። ባናውን ይመኙሻል ራሷ ሣጥኑ ላይ አለበሰችው፤ ጠርዙን ጠርዙን እየሳበች፣ የተኛ ልጅ እንደሚሸፈን። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ባናውን ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ እጁን መታችው። አብሮ ወረደ።

ለቀስተኛ ሲገባና ሲወጣ እሷ አንድ ቃል አትናገርም። አልቃሾቹ ሙሾ ያወርዳሉ፣ እሷ አትቀበላቸውም። ሰው መሰከረ፤ ይህች ሴት ልቧ ደርቆ ልትቀር ነው ተባለ። በሠልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ዓይኗ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ በሩ ጥግ የተደበቀችውን ጌታነሽን አገኘ።

"ጌታነሽ።"

ጌታነሽ በጉልበቷ እየዳኸች ቀረበች። የምትሰደብ፣ የምትረገም መስሏት አንገቷን ደፍታ ነበር። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን።

"ጀልባው ላይ አቁመሽኝ ነው የሄድሽ" አለቻት ይመኙሻል። "አሻግሪኝ።"

 ጌታነሽ መምሬን አየች፤ መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁላት። እሷም ጀመረች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ እየቆየ ተሰማ። ጀልባው ሲጠጋ ይወዛወዛልና ሳይቆም አይነሡ። ሲወርዱ ሰው ይገፋል፤ ዳር ይዘው ይውረዱ። አደባባዩ ላይ አሣ የሚጠብሱ አሉ፣ ጭሱን ትተው ወደ ቀኝ። ዳገቱን ይያዙ። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ድመቶች የሚተኙበት የዳቦ ቤት ደረጃ አለ፤ ኮከብ ለወፎቹ ዳቦ የምትገዛው ከዚያ ነው። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አረንጓዴ በር አለ። ደወሉ በግራ ነው።

"ደወልሁ" አለች ይመኙሻል። "ማን ይከፍትልኛል?"

 በዚያ ቤት ሙሉ ሰው መካከል ይህን የሚመልስ ጠፋ። መምሬም መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

ይመኙሻል ጠበቀች። በር ላይ የቆመ ሰው እንደሚጠብቅ ያህል ጠበቀች።

"እንግዲያው መልሺኝ" አለች።

ጌታነሽም መለሰቻት። በዳገቱ ቁልቁል፣ ዳቦ ቤቱን አልፈው፣ ድመቶቹን አልፈው፣ ወደ ጀልባው። በባሕሩ ላይ። ጢጥ በሚለው በር፣ በሐዲዱ ባቡር፣ በሚያዳልጠው ድንጋይ። ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ሄደ፤ ይመኙሻል እጇን ከምንጣፉ ላይ ትንሽ አነሣች፣ መልሳ አኖረችው። በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ታጥፈው ሞላሌ፣ ከሞላሌ በእግር ሽቅብ፣ በገብሱ ማሳ። ጌታነሽ ይህን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎህ እየቀደደ ነው አለቻት፤ ለምን እንዲያ እንዳለች አላውቅም።

ከዚያ ይመኙሻል ከረጢቱን ከአንገቷ አውልቃ ምንጣፉ ላይ አኖረችውና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አለቀሰች ብዬ ባጽናናችሁ ደስ ባለኝ፣ ልጆቼ። አላለቀሰችም። እንደተሸፈነች ተቀመጠች፤ እኛም አብረናት ተቀመጥን፣ እሳቱ እስኪጠፋ።